የግሪክ ትራጄዲ ለማንበብ ከየቱ እንጀምር?

"ከየቱ ልጀምር?" ይሉኛል ሰዎች። ቴአትር የሚወድ አለ፣ ፍልስፍና የምትማር አለች፣ ስሙን ፊልም ላይ ሰምቶ የመጣም አለ። የግሪክ ትራጄዲ ማንበብ ይፈልጋሉ፣ መጀመሪያው ግን ይጨንቃቸዋል። የሚሰጣቸው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ኦዲፐስን አንብብ፣ ከዚያ ጉድለቱን ፈልግ።

እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። ፈተና ላይ የመጣው ጥያቄ አሁንም ትዝ ይለኛል። "የኦዲፐስ ጉድለት ምንድን ነው?" ይላል። "ትዕቢት" ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ግን ተውኔቱን ለዓመታት አልነካሁትም። ምን ብዬ እነካዋለሁ? ተፈትቶ ተሰጥቶኛል። ትዕቢተኛ ነበር፣ ተቀጣ፣ አለቀ።

ዛሬ የምጽፈው ያ ምክር እንዲቀየር ስለምፈልግ ነው። መምረጥ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፤ በምን ዓይን እንደምታነቡ፣ የማንን እንደምታነቡ፣ ከየትኛው ተውኔት እንደምትጀምሩ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል፦ በአንቲጎኔ ጀምሩ። "ጥፋቱ የማን ነው?" የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ለመጀመሪያው ንባብ ወደ ጎን አድርጉት።

ትንሽ መነሻ ልስጣችሁ። ነገሩ የሆነው አቴንስ ውስጥ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400ዎቹ። (ከዚህ በታች የማነሣቸው የግሪክ ዓመቶች ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር።) በየዓመቱ በጸደይ ለወይን አምላካቸው ለዲዮኒሶስ በሚደረገው ትልቅ በዓል ላይ ሦስት ገጣሚዎች ይወዳደራሉ። እያንዳንዳቸው ሦስት ትራጄዲና አንድ የሚያስቅ ተውኔት ያቀርባሉ፣ ዳኞች ደረጃ ይሰጣሉ። ተዋናዮቹ ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ ጭምብል ያጠልቃሉ፣ ቢበዛ ሦስት ሆነው ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ እየተቀያየሩ ይጫወታሉ። ከእነሱ ሌላ ኮረስ አለ፤ እየዘፈነ የሚጨፍር ቡድን፣ አንዳንዴ እንደ ዘፈን ተቀባይ፣ አንዳንዴ እንደ ሰፈር ሽማግሌ። ደም መድረክ ላይ ብዙም አይፈስም፤ መልእክተኛ መጥቶ ያወራዋል። ከዚያ ሁሉ ሥራ ሙሉ ሆኖ የደረሰን የሦስት ሰዎች ነው፦ በኤስኪለስ ስም 7፣ በሶፎክልስ 7፣ በዩሪፒደስ 18 ወይም 19። ሶፎክልስ ብቻውን ከመቶ በላይ ጽፎ ነበር። ሰባት ብቻ!

በምን ዓይን?

"ጉድለት ፈልጉ" የሚለው ትምህርት መነሻው አርስቶትል ነው። ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው ላይ፣ በትራጄዲ የሚወድቀው ሰው በክፋቱ ሳይሆን በ"ሐማርቲያ" ምክንያት ይወድቃል ይላል። ቃሉ ከዘመን በኋላ ትምህርት ቤት ገባና "የባሕርይ ጉድለት" ሆነ። ግሪኩ ግን መነሻው ዒላማ መሳት ነው። ቀስተኛው አነጣጥሮ ይለቃል፣ ፍላጻው ሌላ ቦታ ያርፋል።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። ይኸው ሐማርቲያ በግሪኩ አዲስ ኪዳን ሲመጣ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ "ኃጢአት" ይለዋል። ኃጢአት ደግሞ ከግእዙ "ኀጥአ" የወጣ ነው፤ ትርጉሙ በደለ ብቻ አይደለም፣ አጣ፣ ሳያገኝ ቀረም ነው። በየቀኑ "አጣሁት" የምንለው ቃል ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ስለዚህ ኦዲፐስን "ምን በደለ?" ብላችሁ ከመጠየቅ "ምን አጣ?" ብላችሁ ብትጠይቁት ወደ አርስቶትል ትቀርባላችሁ። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ስንት ዓመት እንደባከነብኝ ሳስብ ያንገበግበኛል።

በዚህ ዓይን ታሪኩን እንየው። ኦዲፐስ ያደገው ቆሮንቶስ ነው። የአፖሎ ትንቢት ወደሚነገርበት ወደ ዴልፊ ሄዶ "አባትህን ትገድላለህ፣ እናትህን ታገባለህ" ተባለ። ምን አደረገ? ወላጆቼ የሚላቸውን ሰዎች ላለመጉዳት ብሎ አገሩን ጥሎ ሄደ። የሄደው ግን በቀጥታ ወደ ትክክለኛ አባቱና እናቱ ነው። ትዕቢት ብቻ ከሆነ ጥፋቱ፣ ምን ማድረግ ነበረበት? እዚያው ቁጭ ማለት? ያጠፋው ጥንቃቄው ነው። ቁጡ መሆኑን አልክድም፤ መንታ መንገድ ላይ የማያውቀውን ሽማግሌ፣ ትክክለኛ አባቱን፣ የገደለው በንዴት ነው፣ ዓይነ ስውሩን ነቢይ ቲሬስያስንም ያለ ማስረጃ ይወነጅለዋል። ግን ቁጣውን ብታነሡለትም ያ ትንቢት ከነበረበት ንቅንቅ አይልም።

ሁለተኛው ዓይን የሄግል ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ትራጄዲን ያየው እውነትና ሐሰት ሲጣሉ አይደለም፣ ሁለት እውነቶች ሲጋጩ እንጂ። ለአንቲጎኔ ይህን የሚያህል መነጽር የለም (ታሪኳንም የሜዴያንም ከታች አወራዋለሁ)። ለሜዴያ ግን አይሆንም፤ እዚያ ላይ የባልየውን እውነት ፍለጋ ስትደክሙ ትውላላችሁ።

ሦስተኛው ዓይን ከተማዋን ማየት ነው። ተውኔቱ ከመጀመሩ በፊት እዚያው ቴአትር ቤት ውስጥ፣ ከአቴንስ ሥር ካሉ ከተሞች የመጣው ግብር ለሕዝብ ይታይ ነበር። አባታቸው በጦርነት የሞተባቸውና መንግሥት ያሳደጋቸው ልጆችም የጦር ትጥቅ ለብሰው ይሰለፋሉ። ከዚያ ቀጥሎ ነው እንግዲህ ስለ ጦርነት ሰቆቃ የሚያለቅስ ተውኔት የሚቀርበው። ይህን ሳስብ ጸጉሬ ይቆማል። ተመልካቹ ከውጭ የመጣ አገር ጎብኚ አይደለም፤ ነገ ጉባኤ ላይ እጁን አንሥቶ ጦርነት የሚያውጅ ሰው ነው።

ፍሮይድን ብዙ ሰው ያነሣዋል። እሱ ስለ ሰው ልጅ ሕልም የሚለው አለው፤ ስለ ተውኔቱ ግን ያን ያህል አይረዳችሁም። ኦዲፐስ እናቱን ፈልጎ አልመጣም፣ ሸሽቶ ነው የመጣው። ለመጀመሪያ ንባብ እለፉት።

የማንን?

ሦስቱን ለማወዳደር ምቹ አጋጣሚ አለን። ሦስቱም አንድ ታሪክ ጽፈዋል፣ ሦስቱም ተርፏል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ንጉሥ አጋሜምኖን ወደ ትሮይ ለመዝመት ነፋስ ቢያጣ የገዛ ልጁን ኢፊጌንያን መሥዋዕት አደረገ። ከአሥር ዓመት በኋላ ድል አድርጎ ሲመለስ ሚስቱ ክሊተምነስትራ ገደለችው። ውሽማዋ ኤጊስቶስ ቤተ መንግሥቱን ያዘ። ልጅየዋ ኤሌክትራ ቀረች፣ ወንድሟ ኦሬስቴስ በስደት አደገ። አሁን አምላኩ አፖሎ ልጁን "የአባትህን ደም መልስ" ይለዋል። ደመኛው ግን እናቱ ናት።

ኤስኪለስ በ458 ሲጽፈው፣ ኤሌክትራ የአባቷ መቃብር ላይ የጸጉር ዘለላ ታገኛለች። የኔን ይመስላል ትላለች። ከዚያ የእግር ዱካ ታያለች፣ ያም የእሷን ይመስላል። በመጨረሻ ኦሬስቴስ ራሱ ብቅ ብሎ ድሮ የሸመነችለትን ጨርቅ ያሳያታል። እውነት ለመናገር ማስረጃው ደካማ ነው። ኤስኪለስን ግን ማስረጃ አያስጨንቀውም። እሱ የሚያዘጋጀው ሌላ ቅጽበት ነው። ክሊተምነስትራ ጡቷን ገልጣ "ይህን ጠብተህ ነው ያደግኸው" ስትለው ኦሬስቴስ ክንዱ ይዝላል። ዘወር ብሎ አብሮት የመጣውን ጓደኛውን "ጲላዴስ፣ ምን ላድርግ?" ይለዋል። ጲላዴስ እስከዚያ ድረስ ከጎኑ ቆሞ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ተመልካቹ የማይናገር ሰው ነው ብሎ ረስቶታል። አሁን አፉን ከፈተ። ሦስት መስመር ተናገረ፤ ሰው ሁሉ ጠላትህ ይሁን እንጂ አማልክትን አታስቀይም የሚል። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አይናገርም። ያንን ቦታ ሳነብ አምላኩ ራሱ በሰው አፍ የተናገረ ይመስለኛል።

ሶፎክልስ ግድያውን ዳር አድርጎ ኤሌክትራን መሐል ያቆማታል። ከመጀመሪያው ጥቂት ቆይታ ወጥታ እስከ መጨረሻው ድረስ ከመድረክ ጠፍታ አትቆይም። ኦሬስቴስ ማንነቱን ደብቆ፣ ሞቷል ተብሎ፣ "አመዱ ይኸውላችሁ" ብሎ ባዶ ማሰሮ ይዞ ይመጣል። እሷ ማሰሮውን ታቅፋ ታለቅሳለች። ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ይሰማል። እንዴት ያስችላል! በጥንት ጊዜ ፖሎስ የሚባል ዝነኛ ተዋናይ ይህን ቦታ ሲጫወት፣ በቅርቡ የሞተበትን የገዛ ልጁን አመድ የያዘ ማሰሮ ይዞ ወጥቶ አለቀሰ ተብሎ ይተረካል። ግድያው ሲመጣ ደግሞ የእናቲቱ ጩኸት ከውስጥ ይሰማል፣ ኤሌክትራ ደጅ ቆማ "አቅም ካለህ ድገማት" ትላለች። ሶፎክልስ ይህን አስብሎ ዝም ይላል። የሚያሳድድ መንፈስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። ልክ ነበረች ወይስ አልነበረችም ብሎ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም፤ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ለዚህ ነው።

ዩሪፒደስ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወደ ገጠር ጎጆ ይወስደናል። ኤሌክትራን ለድሃ ገበሬ ድረዋታል፤ ገበሬው ጨዋ ሰው ስለሆነ አልነካትም። ውኃ ራሷ ትቀዳለች። አንድ ሽማግሌ መጥቶ "መቃብሩ ላይ ጸጉር አየሁ፣ ካንቺ ጋር አስተያዪው" ሲላት ትቆጣለች። የወንድና የሴት ጸጉር እንዴት አንድ ይሆናል? የወንድና የሴት እግርስ እኩል ነው? ልጅ እያለ የለበሰውን ልብስ አድጎ እንዴት ይለብሰዋል? የኤስኪለስን ሦስት ምልክቶች አንድ በአንድ ነው የምታፈርሳቸው። በመጨረሻ ወንድሟ የሚታወቀው በልጅነቱ ወድቆ ባገኘው ጠባሳ ነው። እናቷን ደግሞ "ወልጃለሁ፣ ነይ ጠይቂኝ" ብላ ነው ወደ ሞቷ የምታስጠራት። አራስ ጥየቃ! ክሊተምነስትራ እዚህ ላይ አውሬ አይደለችም፤ የደከመች፣ ባደረገችው ነገር ደስ የማይላት ሴት ናት። ከግድያው በኋላ ሁለቱ ልጆች በድን ሆነው ይቀራሉ። ከሰማይ የሚወርደው አምላክም የሚያጽናና ነገር የለውም፤ እሷ የተገባትን አገኘች፣ የእናንተ ሥራ ግን ልክ አልነበረም፣ አፖሎም ጥበበኛ ሆኖ ሳለ ጥበብ ያለው ነገር አልተናገረም ይላቸዋል።

እንግዲህ ምርጫው። ቅኔ የምትወዱ፣ ምሳሌ ሲደራረብ የማይታክታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ የምታነቡ ከሆነ ኤስኪለስ የእናንተ ነው። አንድ ሰው ላይ ተተክሎ እስከ መጨረሻው የማይለቅ፣ አንድ ትርፍ ቃል የሌለው ነገር ከፈለጋችሁ ሶፎክልስ። ክርክር ከወደዳችሁ፣ ጀግና የሚባል ሰው ሲያጠራጥራችሁ ከኖረ፣ የሴቶችና የባሪያዎች ድምፅ መስማት ከፈለጋችሁ ዩሪፒደስ። አቴናውያን ራሳቸው ይህን ማወዳደር ይወዱት ነበር፤ በ405 አሪስቶፋንስ በሙታን አገር ኤስኪለስንና ዩሪፒደስን የሚያፋልም ኮሜዲ አቅርቦ አንደኛ ወጥቷል፣ በተውኔቱም የሚያሸንፈው ኤስኪለስ ነው። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ሶፎክልስን ነው፣ ልቤ ግን ከዩሪፒደስ ጋር ነው። ከጠፉበት ሥራዎች አንዱ በ412 ያቀረበው "አንድሮሜዳ" ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው በኢትዮጵያ ባሕር ዳርቻ ነው። ለግሪኮች ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ምድር ነው፣ የዛሬዋ አገራችን ብቻ አይደለችም። ቢሆንም ቁርጥራጩ ብቻ መቅረቱ ያስቆጨኛል።

የኤስኪለስን ካነሣሁ አይቀር፣ ያ በ458 የጻፈው የኦሬስቴስ ተውኔት ለብቻው የቆመ አይደለም። "ኦሬስቴያ" የሚባል የሦስት ተውኔቶች ተከታታይ መካከለኛው ነው፣ ሦስቱም ሙሉ ሆነው የደረሱን ብቸኛው ተከታታይ። በሦስተኛው ላይ የእናቲቱ ደም ጠባቂ የሆኑት ኤሪንየስ፣ የበቀል መናፍስቱ፣ ኦሬስቴስን እያሳደዱ አቴንስ ይደርሳሉ። አምላኳ አቴና ፍርድ ቤት ታቋቁማለች፣ ዳኞች ድምፅ ይሰጣሉ፣ እኩል ይሆናል፣ እኩል ከሆነ ተከሳሹ ነጻ ነው ትላለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና "ሕግ በቀልን አሸነፈ" ይላል። ቀጥሎ ያለውን ግን ተመልከቱ። ኤሪንየስ ይቆጣሉ፣ አገሩን እናጠፋለን ይላሉ። አቴና አታባርራቸውም። ትለምናቸዋለች፣ ደጋግማ ትለምናቸዋለች፣ በከተማው ሥር የክብር ቦታ ትሰጣቸዋለች፣ በመጨረሻ ቁጣቸው ይበርዳል። ደም መመለስና የደም እርቅ በሚታወቅበት አገር ያደገ ሰው ይህን ክፍል ማስታወሻ ሳይገልጥ ይገባዋል። ደም ያለበት ነገር በፍርድ ብቻ እንደማያልቅ፣ የተበዳዩ ወገን ካልተከበረ ነገሩ ተዳፍኖ እንደሚቆይ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል።

ከየትኛው ተውኔት?

የሶፎክልስን ኦዲፐስ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ አቆዩት። አጻጻፉ እንከን የለውም፣ አርስቶትልም ደጋግሞ በምሳሌነት ያነሣዋል። ቸነፈር ከተማውን ይዟል፣ ንጉሡ ገዳዩን እፈልጋለሁ ብሎ ይምላል፣ ፍለጋው ሁሉ ወደ ራሱ ይመለሳል። ችግሩ ታሪኩን ሁላችንም ሰምተነዋል። የአቴንስ ሰውም ሰምቶት ነበር፣ ለዚያውም እያወቀ ነው የሚፈራው። ያን ስሜት ለማግኘት ግን የዚህ ዓይነት ተውኔት ለምዳችሁ ብትመጡ ይሻላል።

ሜዴያ በ431 ቀርባ ከሦስት ሦስተኛ ወጣች። የመጨረሻ ማለት ነው። ዛሬ ከሁሉም በላይ ከሚታዩት አንዷ ናት። ለፍቅር ብላ አባቷን ከድታ፣ ወንድሟን ገድላ፣ ከጥቁር ባሕር ማዶ ከያሶን ጋር መጣች። ሁለት ልጅ ወለደችለት። አሁን የቆሮንቶስን ንጉሥ ልጅ ሊያገባ ነው። ከመግቢያው አካባቢ ለከተማዋ ሴቶች የምታደርገውን ንግግር አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። አንድ ጊዜ ከምወልድ ሦስት ጊዜ ጋሻ ይዤ ብሰለፍ ይሻለኛል ትላለች። ቀጥላ ደግሞ፣ እናንተ አገር አላችሁ፣ የአባት ቤት አላችሁ፣ እኔ ግን የምጠጋበት እናት የለኝ፣ ወንድም የለኝ፣ ዘመድ የለኝ ትላለች። ባሏን ተከትላ ባሕር ማዶ ሄዳ፣ ቋንቋውን በወጉ ሳትለምድ፣ ቤቷ የፈረሰባት ሴት ለማውቅ ለእኔ ይህ የጥንት ታሪክ አይመስለኝም። ዩሪፒደስ ግን በዚህ ብቻ አይተዋችሁም። ያዘናችሁላት ሴት ልጆቿን ትገድላለች፣ በፀሐይ ሰረገላ ታመልጣለች፣ ማንም አይቀጣትም። ልጆች ላይ የሚደርስ ነገር የማትችሉ ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ የወለዳችሁ ከሆነ፣ ይቆያችሁ። ይህን በቁም ነገር ነው የምለው።

ጦርነት ውስጥ ላለፈ ሰው ሁለት አሉ። አንዱ "የትሮይ ሴቶች" ነው፣ ዩሪፒደስ፣ 415። ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት አቴንስ ሜሎስ የምትባል ደሴት ይዛ ወንዶቹን ገድላ፣ ሴቶቹንና ልጆቹን በባርነት ሸጣ ነበር። ተውኔቱ ከተማቸው የተቃጠለባቸው ሴቶች እጣ እየወጣባቸው ለየጌታው ሲከፋፈሉ ያሳያል። ብዙም ሌላ ነገር አይፈጠርም፤ ሙሾ ነው፣ አንዷ ትጀምራለች ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሙሾ ሲወርድ ሰምቶ ያደገ ሰው አይሰለቸውም፣ ሌላው ግን "ታሪኩ የት አለ?" ሊል ይችላል። ሁለተኛው የኤስኪለስ "ፋርሶች" ነው፣ 472፣ ከደረሱን ሁሉ የቀደመው። አቴንስ የፋርስን ባሕር ኃይል ሳላሚስ ላይ ካሸነፈች ገና ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደራሲው ማራቶን ላይ የተዋጋ ሰው ነው። መድረክ ላይ ግን አንድም ግሪክ የለም። የሚያለቅሱት የጠላት እናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን ከመጻፉ ዓመታት በፊት ፍሪኒኮስ የሚባል ገጣሚ በፋርስ እጅ ስለወደቀችው የወዳጅ ከተማ ስለ ሚሌጦስ ተውኔት ሠርቶ ተመልካቹን ሁሉ በእንባ አራጨው። አቴናውያን "የራሳችንን ሐዘን አስታወስከን" ብለው 1,000 ድራክማ ቀጡት። ኤስኪለስ እንግዲህ የሌላውን ሐዘን አሳያቸው፣ አንደኛም ወጣ።

"ባካይ" የተባለውን፣ ከዩሪፒደስ የመጨረሻ ሥራዎች አንዱን፣ አስቀድማችሁ አትንኩት፤ ሦስት አራት ካነበባችሁ በኋላ እሱ ራሱ ይጠራችኋል።

አሁን አንቲጎኔ፣ ይህም የሶፎክልስ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በቴብስ ዙፋን ተጣልተው፣ አንዱ ከተማውን ሲጠብቅ ሌላው የውጭ ጦር ይዞ ሲመጣ፣ እርስ በርስ ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬዎን ነገሠ። (የሜዴያው የቆሮንቶስ ንጉሥም ክሬዎን ነው ስሙ፣ እንዳይምታታባችሁ።) ጠባቂው በክብር ይቀበር፣ የወጋን ግን አሞራ ይብላው፣ የሚቀብረው ይሙት አለ። እህታቸው አንቲጎኔ ወጥታ አፈር በተነችበት። ክሬዎን ከነሕይወቷ ዋሻ ውስጥ እንድትዘጋ ፈረደባት።

ለምን ከዚህ እንደምትጀምሩ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጥያቄው ለእኛ መግለጫ አይፈልግም። ሌላ አገር ያለ አስተማሪ "ለጥንት ግሪኮች ቀብር ትልቅ ነገር ነበር" ብሎ ማስረዳት አለበት። ለእኛ ማን ያስረዳናል? እድር ያለው ሕዝብ ነን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ሲያድር፣ ቤተሰብ የልጁን ለቅሶ እንዳይቀመጥ ሲከለከል ያየ ትውልድ ዛሬም አብሮን አለ። የክሬዎን አዋጅ ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ያውቁታል።

ሁለተኛ፣ ክሬዎን በቀላሉ የሚጠላ ሰው አይደለም። ገና ትናንት ከእርስ በርስ ጦርነት የወጣ አገር ነው የተረከበው። ከወዳጅ በፊት አገር ይቅደም ይላል፣ የመጀመሪያ ንግግሩ ላይ "ልክ ነው" ብላችሁ ጭንቅላታችሁን ልትነቀንቁ ትችላላችሁ። አንቲጎኔም መልአክ አይደለችም። እህቷ ኢስሜኔ ፈርታ እምቢ ስትል ትገፈትራታለች፣ ኋላ አብሬሽ ልሙት ስትላትም አልቀበልም ትላለች። ደግሞም ይህችው ልጅ ናት "የተፈጠርኩት አብሬ ለመውደድ ነው፣ አብሬ ለመጥላት አይደለም" የምትለው። ሁለቱን በአንድ ሰው ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ኔልሰን ማንዴላ ሮበን ደሴት ታስሮ ሳለ እስረኞች ይህን ተውኔት ሲሠሩ እሱ የተጫወተው ክሬዎንን ነው። ለነጻነት የታሰረ ሰው የአምባገነኑን ቃል በአፉ ይዞ ሲናገር አስቡት።

ግን ሁለቱ እኩል ናቸው ብላችሁ አትዝጉት፣ ሄግልን እዚህ ላይ ትንሽ ቆንጥጡት። ቲሬስያስ መጥቶ አማልክት ከሬሳው ወገን እንደሆኑ በግልጽ ይናገራል። ክሬዎን በመጨረሻ ይፈራል፣ ይመለሳል። ኮረሱ "መጀመሪያ ልጅቷን ከዋሻው አውጣ፣ ከዚያ ሬሳውን ቅበር" ይለዋል። እሱ መጀመሪያ ሬሳውን ይቀብራል። ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ራሷን ሰቅላለች፣ እጮኛዋ የሆነው የገዛ ልጁ ሄሞን በዓይኑ ፊት ራሱን ይወጋል፣ ሚስቱም ስትሰማ ትከተላለች። ሐማርቲያ ካላችሁ ይኸው፤ ልቡ ከተመለሰ በኋላ እንኳ ዒላማውን አጣው።

ሦስተኛ፣ ኮረሱ። ስለ ሰው ልጅ የሚዘፍነው ዝነኛ መዝሙር የመጀመሪያው መስመር የቆመው "ዴይኖስ" በሚል ቃል ላይ ነው። ቃሉ ድንቅም ነው አስፈሪም። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ወይ "ድንቅ" ወይ "አስፈሪ" ብለው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። እኛ ግን "ግሩም" አለን። ዛሬ ግሩም ሲባል ጥሩ ማለት ብቻ ይመስለናል፣ በግእዝ ግን የሚያስፈራም ነው፤ መዝሙረ ዳዊት "ከሌሊት ግርማ" የሚለው ይህንኑ ነው። ብዙ ግሩም ነገር አለ፣ ከሰው የሚብስ ግሩም ግን የለም። ባሕር ይሻገራል፣ ምድር ያርሳል፣ በሬ ይጠምዳል፣ ከተማ ይሠራል፣ ከሞት ብቻ ነው ማምለጫ ያጣው።

አንድ ሁለት ነገር ስለ አነባበብ። በእንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ በነጻ የሚገኙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉሞች ቋንቋቸው የጃጀ ነው፤ ብዙ ሰው ተውኔቱ ከበደኝ ሲል የከበደው ትርጉሙ ነው። አዲስ ትርጉም ፈልጉ፣ የመስመር ቁጥር በዳር ያለው ይሁን። አንድ ተውኔት ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 1,700 መስመር ነው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃል። በአንድ መቀመጫ ጨርሱት። ኮረሱን አትዝለሉት፣ ግን ባይገባችሁም አትቁሙ።

ከቻላችሁ ሁለት ሆናችሁ አንብቡት። አንቲጎኔ ላይ ከ630ኛው መስመር አካባቢ ሄሞን አባቱን ሊያናግር ይመጣል። "አባቴ፣ የአንተው ነኝ" ብሎ በትሕትና ይጀምራል። ከተማው ስለ ልጅቷ የሚያንሾካሹከውን ያወራለታል፣ ጎርፍ ሲመጣ የሚያጎነብስ ዛፍ ቅርንጫፉን ያድናል ይለዋል። ቀስ በቀስ ንግግሩ ያጥርና መስመር በመስመር መወራወር ይሆናል፣ "የአንድ ሰው የሆነች ከተማ፣ ከተማ አይደለችም" እስኪለው ድረስ። አንዳችሁ አባት፣ አንዳችሁ ልጅ ሁኑ፣ ድምፅ አውጥታችሁ። ስትጨርሱ ቦታ ተቀያየሩና እንደገና አንብቡት።